መምህርት «ምን ታያላችሁ» እና ተገልብጦ የተጠረዘው መጽሐፍ

በተማሪዎቻቸውና በተማሪዎቻቸው ልጆች ዘንድ «ምን ታያላችሁ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት መምህርት፣ ከግንበኛው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ወንዙ ዳር በነበረው ታችኛው ሰፈር ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው የበኩር ልጃቸው ናት። የእንዲህ ያለ ጽሑፍ ወጉ የሚመሰገነውን አመስግኖ፣ የሚሸፈነውን ሸፍኖ ማለፍ እንደሆነ ልጃቸው አላጣችውም። ነገር ግን ሟች በሕይወት ሳሉ ማድበስበስ አይወዱም ነበር፤ ሞተው ደግሞ አይለምዱትም። ስለዚህ ፊት ረድፍ ላይ ከተቀመጡት መካከል አንድ ሰው ወንበሩ ቢቆረቁራቸው፣ ወንበሩ ደኅና መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በታችኛው ሰፈር የአባታቸው እጅ ያላረፈበት ግድግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። መምህርት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በዚያው ግድግዳ ላይ በከሰል ሲስሉ አደጉ። እናታቸው፣ «አባትሽ የለሰነውን ማቅ አለበስሽው እኮ!» እያሉ በእርጥብ ጨርቅ ያባርሯቸው ነበር። አባታቸው ግን ኖራ የሚቀቡ ዕለት ሥዕሉን ቆመው ያዩና፣ ምንም ሳይናገሩ፣ እሱን ብቻ ትተው ዙሪያውን ይቀቡ ነበር።

ከእሳቸው በስድስት ዓመት የሚያንሱ አንድ ወንድም ነበሯቸው። እናት ከማጠቢያው ገንዳ ቀና ስለማይሉ ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት፣ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው የጠበቁት መምህርት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለወንድማቸው የምንጠቀመው አንቱታ ለዕድሜያቸው ነው፤ ለሌላ ነገራቸው እንዳይመስልባችሁ።

በ1956 ዓ.ም. የወንዙ ዳር ለመጋዘን ሥራ ተፈለገ። ነዋሪው የቻለውን ያህል ይዞ የጭነት መኪና ላይ እንዲወጣ ተነገረው። መሰላልና መዶሻ የያዙ ሰዎች ከጣሪያው ጀምረው ሰፈሩን ወደ ታች አወረዱት። አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ የገነቡት ሲፈርስ ቆመው አዩ፤ ከዚያ ወዲህ የግንበኝነት ዕቃቸውን አላነሱም። እናት ደግሞ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ መርጠው የደጃፋቸውን መዝጊያ ከማጠፊያው አስነቅለው በጀርባቸው ተሸከሙ። ጫኞቹ ሳቁባቸው። እናት ግን፣ «ቤት ይሰጧችኋል ተብለናል፤ በር እንደሚሰጡን ማን ነገራችሁ?» አሏቸው።

ቤቱም አልተሰጠም። ከከተማው ውጭ ባለ ባዶ ኮረብታ ላይ ከመኪናው ወርደው ሲያዩ፣ መዝጊያው የሚገጠምበት ግድግዳ ቀርቶ ጥላ የሚሆን ዛፍም አልነበረም። ለየቤተሰቡ አንዳንድ ሸራ ታደለ። መዝጊያው አልጋ ሆነ፣ ገበታ ሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ ክዳን ሆነ። በሁለተኛው ክረምት እናት ሳንባቸውን ታመው በዚያው መዝጊያ ላይ እንደተኙ አረፉ። ወንድማቸው ያን ጊዜ ነፍስ ያወቁ ልጅ ነበሩ። የእናታቸውን እግር በእጃቸው እያሹ ሲያሞቁ ነበር፤ አይተዋል። አላየሁም የማይባል ነገር ቢኖር ይህ ነው።

መምህርት ትምህርታቸውን በኮረብታው ሆነው ጨርሰው፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው፣ በ1962 ዓ.ም. እዚያው ኮረብታ ላይ በተከፈተው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ሆኑ። የመማሪያ መጽሐፉን ሲገልጡት ስለ ታችኛው ሰፈር የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ነዋሪዎቹ በፈቃዳቸው ወደ ተሻለ ስፍራ ተዛወሩ» ይላል። ፊታቸው የተቀመጠው ልጅ ግማሹ ሸራ ሥር ያደገ ነው። መምህርት መጽሐፉን አጥፈው ከሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ከተቱት። በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ለዚያ መጽሐፍ ያገኙለት ጥቅም ይኸው እንደነበር ይናገሩ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ ጠራዥነት ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። የማተሚያ ቤቱ ቁራጭ ወረቀት ቤታችን መግባት የጀመረውም ያኔ ነው። መምህርት ከክፍል መልስ፣ እራት ከተነሣ በኋላ፣ በዚያ ወረቀት ላይ የታችኛውን ሰፈር ታሪክ መሳል ጀመሩ። ሰፈሩ ከተቆረቆረበትና በአደባባዩ ላይ ችግኝ ከተተከለበት ቀን ተነሥተው፣ ቤቱ ሲበዛ፣ ዛፉ ሲያድግ፣ መሰላሉና መዶሻው ሲመጣ፣ መኪናው ሲጫን፣ በመጨረሻም አንዲት ሴት በባዶ ኮረብታ ላይ በመዝጊያ ላይ ተቀምጣ እስክትታይ ድረስ ሳሉት። አንድም ቃል አልጻፉበትም። ለምን ሲባሉ፣ «ቃሉን አንዴ ሰርቀውናል፤ ዓይናችን ግን ይኸው አለ» ይሉ ነበር። ደግሞስ የተማሪዎቻቸው አያቶች አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። የኖሩትን ታሪክ ለማንበብ ፊደል እንዲለምኑ አልፈለጉም።

የገጽ ቁጥርም አልነበረውም። ቁጥርም እንደ ቃል ነገርን አስቀድሞ ይናገራል ባይ ነበሩ። ሥዕሎቹ እንደተነጣጠሉ በአንድ የጨርቅ ከረጢት ይቀመጣሉ። በትምህርቱ ሰዓት ወንበር ሁሉ ወደ ግድግዳ ይገፋል፤ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሥዕሎቹም መሐላቸው ይበተናሉ። ከዚያ መምህርት ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ። አንደኛው «ምን ታያላችሁ?» ነው፤ ሁለተኛው «ከምን አወቃችሁ?»። ሌላውን ጊዜ ጠመኔያቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ዝም ይላሉ። ልጆቹ የቱ እንደሚቀድም፣ የቱ እንደሚከተል እስኪያምኑበት ድረስ ይሟገታሉ። አንድ ርእሰ መምህር በመስኮት አይተው፣ «እሷ ዝም ትላለች፣ ልጆቹ ይጨቃጨቃሉ፣ ደመወዙን ማን ይወስዳል?» ብለው ነበር። መምህርት «ዝም አይነቅዝም» ብለው አለፏቸው።

ባለቤታቸው ግን የጠራዥ ነገር አላስችል ብሏቸው፣ «አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን ነፋስ ይበትነዋል፤ ተይ ልስፋልሽ!» ይሉ ነበር። መምህርት፣ «ከተሰፋማ ልጆቹ ምን ሊሠሩ?» ብለው እምቢ አሉ። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ሁለቱም አላወቁም።

ልጆቹ ሥዕሎቹን በተራ ወደየቤታቸው ይወስዱ ስለነበር ኮረብታው ሁሉ አራሚ ሆነ። ይልቁንም በታችኛው ሰፈር የቧንቧ ጠባቂ የነበሩትና ሁላችንም እማማ ቧንቧ የምንላቸው እናት አንድ ቀን ክፍሉን ሳያንኳኩ ገብተው፣ «ስሚ! ሰው ሁሉ አለ፣ ቧንቧው አለ፣ እኔም ከነጆንያ ቀሚሴ አለሁ። ውሻዬን የት አደረግሻት?» አሉ። መምህርት በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠይቀው ውሻዋን ጨመሩ፤ በመጀመሪያ ቡችላ ሆና፣ ኋላ አድጋ፣ በመጨረሻም ከመኪናው ኋላ ስትሮጥ። እማማ ቧንቧ አይተው እንባቸውን ጠረጉና፣ «ጅራቷ እንዲህ አይወፍርም እንጂ እሷው ናት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህርት በኮረብታው ላይ የታመኑ ሰው ሆኑ። የሠርግ ፎቶ ያለው ፎቶውን፣ የሌለው ትዝታውን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር። በሕይወታቸው ያገኙት ትልቁ ሹመት ይህ ነበር፤ ሌላም አልተመኙም።

ወንድማቸው በበኩላቸው በመምህርት ጀርባ ታዝለው የጀመሩትን ጉዞ በሰው ትከሻ ላይ ቀጥለው፣ የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ክፍል ኃላፊ ለመሆን በቁ። በ1979 ዓ.ም. ቤታችን መጥተው፣ «እትዬ፣ ይህ ነገር እዚህ ኮረብታ ላይ ተደብቆ መቅረት የለበትም። በየትምህርት ቤቱ ይግባ፤ እኔ አሳትመዋለሁ» አሉ። መምህርት ደስታቸው ወሰን አጣ። ከረጢቱን እንዳለ ሰጧቸው። የትኛው ሥዕል እንደሚቀድም አልነገሯቸውም፤ ለኖረበት ሰው ተራ አይነገረውምና።

መጽሐፉ ታትሞ መጣ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል። የመምህርት ስም ከነማዕረጉ በትልቁ ተጽፏል። ርእሱም «ከሸራ እስከ ጣሪያ» ይላል።

ወንድማቸው ሥዕሎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስጠርዘዋቸው ነበር። መጽሐፉ ሲከፈት አንዲት ምስኪን ሴት በባዶ ኮረብታ ላይ ቤት ትጠብቃለች። ቀጥሎ መንግሥት መኪና ይልክላታል። ቀጥሎ መሰላልና መዶሻ የያዙ ትጉሃን ሰዎች ግድግዳ ላይ ይሠራሉ፤ ማፍረስና መገንባት በሥዕል ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም አቧራ አላቸው። ቀጥሎ ያማረ ሰፈር፣ በመጨረሻም ለምለም ችግኝ። አንዲት መስመር አልተጨመረም፣ አንድ ሥዕል አልተነካም። የተባረረው ሕዝብ በዚያው በራሱ ሥዕል አመስጋኝ ሆኖ አረፈው። ወንድማቸው ቢሰርቁ ኖሮ የመምህርትን ስም ይፍቁት ነበር፤ እሳቸው ግን ይባስ ብለው ውሸቱን በእህታቸው ስም አስፈረሙት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው።

እማማ ቧንቧ የልጅ ልጃቸው ያመጣችላቸውን መጽሐፍ እስከ ዳር ገልጠው አዩት። በማግስቱ መምህርትን መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ቤት ሰጡን አልሽ አሉ። ተመስገን ነዋ!» አሏቸው። መምህርት ሊያስረዱ አፋቸውን ቢከፍቱም አልሰሟቸውም። «ስምሽ አለበት አይደል?» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልሰጧቸውም። ኮረብታውም ቀስ በቀስ እንደ እሳቸው ሆነ፤ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ጠፋ፣ ሰው በመንገድ ላይ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፍ ጀመር።

መምህርት ወደ ወንድማቸው ቢሮ ሄዱ። ልጃቸው አብራ ነበረች፤ ምንጣፉንም፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን አዲስ መጽሐፍ ሽታም ታስታውሳለች።

ወንድማቸው፣ «እትዬ፣ እንዳለ ቢሆን አይታተምም ነበር። ለአንቺው ብዬ ነው። ደግሞስ ምን ነካሁ? አንድ ሥዕል ቀየርኩ?» አሉ።

መምህርት፣ «እናታችንን ገለበጥካት» ብቻ ብለው ወጡ። ደረጃው ላይ ቆመው ልጃቸውን፣ «አየሽ አይደል? ላብ አላላበውም» አሏት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በተከታዩ ዓመት ወንድማቸው መጽሐፉ ያስገኘውን ውጤት ለማሳየት እንግዶችን አስከትለው ወደ ኮረብታው ትምህርት ቤት መጡ። ርእሰ መምህሩ ክፍሉን ኖራ አስቀብተዋል። መምህርት እንግዶቹን በጨዋ ደንብ ተቀብለው፣ ለየአንዳንዱ ተማሪ ያንኑ የታተመ መጽሐፍ አደሉና፣ «ምን ታያላችሁ?» አሉ። ከዚያ ዝም።

አንዱ ልጅ ሰዎቹ ቤት ሲሠሩ አያለሁ አለ። ወንድማቸው ለእንግዶቹ ፈገግ አሉ። መምህርት፣ «ከምን አወቃችሁ?» አሉ። ክፍሉ ገጽ መግለጥ ጀመረ፤ መግለጡም ቆየ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ዛፉ እያጠረ ነው የሚሄደው» አለች። ሌላው፣ «ውሻዋም!» ብሎ ጮኸ። ሦስተኛው እስከዛሬ የሚነገርለትን ጥያቄ ወደ ክብር እንግዳው ዞሮ ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ እናንተ ሰፈር ውሻ መጀመሪያ ትልቅ ሆኖ ነው ከዚያ ቡችላ የሚሆነው?»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑት። ልጆቹ ግን አልሳቁም፤ መጽሐፉን ገልብጠው ከኋላ ወደ ፊት ያነቡ ጀመር፤ ሲጨርሱም ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህርት ጸጥታው ወንድማቸው ላይ በደንብ እስኪያርፍ ጠብቀው፣ «ልጆች፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ሴት ማንነት ክቡር እንግዳችን ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው» አሉ። ጠየቋቸው። ወንድማቸው ሰዓታቸውን አይተው ወጡ።

በዚያው ወር መምህርት ከማስተማር ታግደው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ተደረጉ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ክፍል አልገቡም። እማማ ቧንቧ የልጆቹን ወሬ ሰምተው፣ «እሰይ» ብለዋል ተባለ፤ ነገር ግን ወደ ቤታችን ሳይመጡ፣ መምህርትም ወደ እሳቸው ለመሄድ ድፍረት እስኪያገኙ ድረስ ጊዜው ሄዶ፣ እማማ ቧንቧ በድንገት አረፉ። ይህን ያነሣነው አንዳንድ ደግ ዘመዶች፣ «ለመጽሐፍ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» ስለሚሉ ነው። ለመጽሐፍ አይደለም። መምህርት ለቀብር ሄደው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው ነበር፤ ገፍቶ ወደ ፊት ያመጣቸው ሰው አልነበረም።

ግምጃ ቤት ማለት አሮጌ መጽሐፍ የሚጣልበት ቦታ ነው። ወንድማቸው ይህን ሳያስቡበት ነበር የሾሟቸው። ያረጀው «ከሸራ እስከ ጣሪያ» ወደዚያው መጉረፍ ሲጀምር መምህርት ባለቤታቸውን ወስፌና ሰም የተቀባ ክር አስመጡ። ሥዕሉ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ የታተመ ስለነበር የተጠረዘበትን ሽቦ ነቅሎ፣ ገጾቹን ከኋላ ወደ ፊት አዙሮ መልሶ መስፋት ይቻላል። ከመጽሐፉ ጋር ከመጣው የመምህር መመሪያ ላይ ወንድማቸው የጻፉትን ገጾች በሽፋኑ ውስጥ ለማጠንከሪያ ይለጥፏቸው ነበር፤ «ይኸው አሁን ጀርባ ሆነ» እያሉ። የተሰፋው ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ አሁን መምህራን የሆኑት፣ በካርቶን ሞልተው ይልኩላቸው ጀመር። ባለቤታቸው በ1992 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ብቻቸውን ቀጠሉበት። ወስፌው አውራ ጣታቸውን ሲወጋው የወንድማቸውን ስም ይጠሩ ነበር፤ ለምርቃት እንዳልነበር ለአዋቂ አይነገርም። ዛሬ ያን መጽሐፍ የሚገልጥ ልጅ ሽፋኑ ላይ የወንድማቸውን ርእስ ያነብባል፤ ውስጡ ሲገባ እናታቸውን ያገኛል።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ድካም ጸናባቸውና ከአልጋ ዋሉ። ወንድማቸው አበባ ይዘው መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ «እትዬ፣ ያለፈው አለፈ፤ ሁለታችንም አርጅተናል። ይቅር በይኝ» አሉ። መምህርት ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ልጃቸው እናቷ ይቅር የሚሉ መስሏት ነበር፤ እውነቱን ለመናገርም፣ ይቅር ብለው ነበር። በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አንድ ገና ተመልሶ ያልተሰፋ መጽሐፍ፣ ወስፌና ክር አስመጡና፣ «አንዷን ብቻ። በእጅህ። ከዚያ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ።

ወንድማቸው መጽሐፉን ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ገጽ፣ በመዝጊያው ላይ የተቀመጠችውን ሴት፣ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው እንደደከመ፣ ሾፌራቸውም ውጭ እንደቆመ ተናግረው መጽሐፉን ከአበባው አጠገብ አስቀምጠው ሄዱ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር መባሉ በከንቱ አይደለም። መምህርት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «አበባውን አውጡልኝ» አሉ። በማግስቱ ማለዳ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ገደማ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ዘመዶች ልጃቸውን፣ «ከሁሉም ጋር ታርቀው አረፉ በይ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ለምነዋታል። ልጃቸው ሳሉን ውጣ መጻፍ አልቻለችም። አልታረቁም። ቂማቸውን እንደያዙ፣ አእምሯቸው እንደነቃ፣ በሙሉ ክብራቸው አረፉ።

መምህርት አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም በኮረብታውና ከኮረብታው ውጭ «ከምን አወቃችሁ?» የሚሉ እጅግ ብዙ ተማሪዎች ተርፈዋቸዋል። ወንድማቸውም በሕይወት አሉ፤ እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ተመልሶ ሳይሰፋ የቀረውን መጽሐፍ ሁሉ ከነወስፌውና ከነክሩ ዛሬ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ አራግፈናል። ከቀብር ሲመለሱ ያገኙታል።

ፈጣሪ የመምህርትን ነፍስ እናታቸው ባሉበት ያኑርልን፤ በዚያ ግድግዳም በርም አይጉደልባቸው። ለወንድማቸው ደግሞ ከልባችን የምንለምነው ረጅም ዕድሜ ነው፤ ጤናም ይስጣቸው፤ ዓይናቸውንም ያብራላቸው፤ መጽሐፉ ብዙ ነው።